የዮናስ የጃፓን ጌም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ልጄ ዮናስ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ ሰው አጥቶ አያውቅም። ዛሬም ወንዶቹ ሳሎን ካርታ ይጫወታሉ፤ የለቅሶ ቤት ወግ ነው። ጓደኛው ሳሙኤል ከለንደኑ ባተርሲ ሰፈር መጣ። ጢሙን ያንዠረገገ ትልቅ ሰው ነው፤ ወሬው ግን ጌም ብቻ።

«እትዬ አልጋነሽ፣ የጌማችን አዲሱ ክፍል ወጣ እኮ። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ነው የተሸጠው። ዮኒ ሳያየው ቀረ።»

እንኳን ደስ ያላቸው። ልጄን ከሰው ለይቶ ክፍሉ ያስቀመጠው ያ የጌሙ ባለ ሰማያዊ ፀጉር ባለጎራዴ የሠሩትን ጃፓኖች አበለጸጋቸው።

የሚጫወትበትን የጌም ማሽን ከልብሱ ጋር ለቤተ ክርስቲያን ልሰጥ አስቤ ነበር።

«ለእኔ ይስጡኝ፣ እባክዎ። አብረን የጀመርነው አለ» ብሎ ለመነኝ።

እስቲ አሳየኝ አልኩት። ከፈተው። ባለጎራዴው ከአንድ አውሬ ጋር ሲታገል ወደቀ።

«ሞተ?»

«ችግር የለም፣ መድኃኒት እሰጠዋለሁ።»

አንድ ቁልፍ ሲጫን የወደቀው ብድግ አለ፤ አቧራውን እንኳን አላራገፈም። የዓለም ሕዝብ ተሰልፎ የሚገዛው ይህን ነው። በሞት የሚቀልዱ ቢከብሩ ምን ይገርማል።

ማሽኑን አልሰጠሁትም። ሊሄድ ሲነሣ ግን የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ ጠየቅሁት።