በሻሽ ጫፍ የተቋጠረው ሚሞሪ

መተማ፣ መስከረም 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ ደረበ፣

«መምህር ሰጠኝ፣ ኢንተርኔት በተዘጋበት ዕለት ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ የእንግሊዝኛ ጥያቄና መልስ በሚሞሪ ካርድ ለተፈታኞች አሰራጭተዋል። ይህም ሐዋ በተባለች ተማሪ ላይ በተደረገ ፍተሻ ተረጋግጧል።»

ቃሉ የአንተ ነው፤ ፊርማውም። ግልባጩን ሦስት ወር በኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ። ትናንት አወጣሁት። የታገደው የሐዋ ውጤት ተለቆ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ተመዘገበች። ስሟ መዝገቡ ላይ ሲሰፍር ባየሁ ጊዜ የርእሰ መምህሩ ወንበር ላይ ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥሁ። አንተ ወደ ጎንደር ተዛውረሃልና ወሬው በሰው አፍ ከሚደርስህ እኔው ልጻፍልህ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። የተማሪ ስልክ ስቀማ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ስቆልፍ የኖርሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በ2005 አንተ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ በመምህራን ማረፊያ ስልክህን ከፍተህ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ድረ ገጽ አሳየኸኝ። አጭር ንባብ፣ የሚደመጥ ንግግር፣ ከሥሩ መልመጃ፤ ሠርተህ ስትጨርስ እዚያው ያርምሃል። ሞከርሁት፤ ከዐሥር አንዱን ሳትሁ። «ቀይ እስክሪብቶው፣ ዘጠኝ ብቻ?» ብለህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ተናድጄ ወጣሁ እንጂ አላመሰገንሁህም። ዛሬ አመሰግንሃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ታውቃለህ። እኔ ትምህርቱን እመርጣለሁ፤ ዘፈን የሚጭነው ካሊድ ከሱቁ ያወርድና በየተማሪው ሚሞሪ ይጭናል። ኔትወርክ የማይደርስበት እርሻ ላይ የሚኖሩት ልጆች ሲያዳምጡት ይሰነብታሉ። የዐሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሰሞን፣ ጥያቄ እንዳይሾልክ ተብሎ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ካሊድ የመጨረሻዎቹን መልመጃዎች በሱዳን ሲም አወረዳቸው። በዚህ ከተማ የሱዳን ሲም የሌለው ማን ነው? አንተ ራስህ ገዳሪፍ ላለው ወንድምህ በየትኛው ነበር የምትደውል? ታዲያ «ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ» ብለህ እንዴት ጻፍህ?

ጳጉሜን 2 ቀን አጣሪ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሚሞሪውን ከፈተው። መጀመሪያ የወጣው የሱዳን ዘፈን ነው። ካሊድ ባዶ ቦታ ያለው ሚሞሪ ለባለቤቱ መመለስ ነውር ይመስለዋል። ሰብሳቢው ሳቁን በወረቀት ሸፈነ። ቀጥሎ አንዲት ሴት አውቶቡስ ተራ ላይ ሻንጣዋ እንደጠፋባት በእንግሊዝኛ ታወራለች። መልመጃዎቹን ከፈተናው ወረቀት ጋር ጥያቄ በጥያቄ አስተያዩ፤ አንድም የሚገጥም አልተገኘም። ሰብሳቢው ግን በተዘጋ ቀን እንዴት ሊወርድ ቻለ ብሎ ጠየቀ። ካሊድ ሲሙን ከስልኩ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ያ ዞል፣ ሰውዬ፣ እናንተ ስትዘጉ ገዳሪፍም ይዘጋል እንዴ?»

ሰብሳቢው ሲሙን መለሰለት። ሐዋ የምትለው እንዳለ ሲጠይቋት ግን ወደ እኔ ዞረች። «ለቲቸር ደረበ ይንገሩልኝ። ሚሞሪውን ሻሼ ጫፍ ላይ የቋጠርሁት እንዳይጠፋብኝ ነው እንጂ እንዳይታይብኝ አልነበረም።» እናቷም ከገበያ ስትመለስ ብሯን የምትቋጥረው እንደዚያው ነው። አንተም ይህን ታውቃለህ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረሃል።

ያን ሰሞን ከበላይ «ስም አምጣ» ተብለህ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ምክትል ርእሰ መምህር ነበርህና ፈራህ። ፍርሃትህ ይገባኛል። የእኔን ስም መስጠትህንም፣ እያመመኝ፣ አልፈው ይሆናል። የልጅቱን ስም ግን ለምን ጨመርህ?

እኛ ነጻ የወጣንበት ውሳኔ በእጄ አለ። የአንተ ደብዳቤ ግን ዛሬም በሐዋ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊያነሣው የሚችለው የፈረመው ሰው ብቻ ነው ተብያለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠብቃለሁ። ክሱን የሚሽር፣ ፊርማህ ያለበት ወረቀት ለትምህርት ቤቱ ላክ። ለሐዋም በእጅህ ጽፈህ ይቅርታ ጠይቃት። በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ባሳየኸኝ ድረ ገጽ ተምራለችና ታነበዋለች። ስሕተት ቢኖረውም አላርመውም።

ሁለቱም እስከ መስከረም 25 ቀን በጽሑፍ ይድረሱኝ። በስልክም፣ በሰው አፍም አልቀበልም።

ከዐሥር ዘጠኝ ያገኘው ወዳጅህ፣
ሰጠኝ