አራተኛው ገጽ ላይ ባዶ የተውነው መስመር

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው በሣልስትህ ቀን ነው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፤ ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። ለለቅሶተኛው ውኃ ይዤ ልወጣ ስል ጋሽ አድማሱ ከበሩ ጀርባ እጃቸውን ዘርግተው የእንጨት ሥራ ቤትህን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ሲያነሱ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። «እንዳይጠፋ ብዬ ነው ልጄ» አሉና ኪሳቸው ከተቱት። ውኃውን ይዤ ወጣሁ። ከአንተ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዓመት እንጨት የላጉ፣ አስከሬንህን ከተሸከሙት አንዱ የሆኑ ሰው ናቸው። ምን ልበል?

ከተለየኸን አምስት ወር ሆነ። ኮትህ እንደተሰቀለ ነው። ጠዋት ከሥራ ቤቱ የጋሽ አድማሱ መጋዝ ድምፅ ሲነሳ እማዬ አሁንም ቀና ትላለች፤ ከዚያ ታስታውስና አንገቷን ትደፋለች። በረንዳው ላይ የደረደርካቸው ጣውላዎች ደርቀዋል። እኔ ደግሞ ፈሪ ሆኛለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ደግሞ ምን ሊወስዱ መጡ እላለሁ።

የንግድ ሥራ ትምህርቴን ጨርሼ ቦንጋ የተመለስኩ ጊዜ የሥራ ቤቱን ዕቅድ እንጻፍ ስልህ «ዕቅዱ እዚህ ነው» ብለህ በእርሳስህ ግንባርህን ነካህ። ቢሆንም እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰጋቱራውን ከጠረጴዛህ ላይ ጠርገህልኝ፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። የቢታ ገነት ንብ አናቢዎች ቀፎ የሚፈልጉት አበባው ሳይፈነዳ ስለሆነ ቀድሞ ተሠርቶ መቆየት አለበት። የሺሺንዳ ሰው በርና መስኮት የሚያዘው ቡናው ከተሸጠ በኋላ ነው። ክረምት ላይ የዋጫ መንገድ ጭቃ ሲሆን ጣውላ እንደ ልብ አይገባም፤ በበጋ ገዝቶ ማድረቅ ነው። መምህራኔ በስንት ሥዕልና ሠንጠረዥ ያስተማሩኝን አንተ ሚስማር በአፍህ ይዘህ ነገርከኝ። «ተፎካካሪዎችህ እነማን ናቸው?» ስልህ ብቻ ተቆጣህ። «ማዶ ያለው ሰውዬ ጎረቤቴ ነው፤ ተፎካካሪ ብለሽ እንዳትጽፊብኝ!» ጎረቤት ብዬ ጻፍኩት።

አራተኛው ገጽ ላይ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበብኩልህ። ባለቤቱ ቢታመም ወይም ባይኖር ሥራውን የሚመራው ማን ነው? እርሳስህን አስቀመጥክ። «ይሄን ዝለዪው። ቁጭ ብዬ ሞቴን ልጥራ እንዴ?» አልክ። እየሳቅክ ነበር፤ ዓይንህ ግን አልሳቀም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ቀለለኝ። ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ነጥብ የማገኝበትን ጥያቄ በአባቴ ፊት ፈርቼ ዘለልኩት። ሁለት ቅጂ አተምን፤ ሁሉንም ገጽ ፈረምክ። አንዱን ሥራ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከተትክ። ሌላውን የት እንዳደረግከው አልጠየቅኩህም።

ባለፈው ሰኞ ሥራ ቤቱ ያለበት ሼድ የኪራይ ውል ይታደሳል ተብሎ ሼዱን ወደሚያከራየን የመንግሥት ቢሮ ተጠራን። ጋሽ አድማሱ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ሠራተኛዋ ወረቀት አዙራ አሳየችኝ። የኛ ዕቅድ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ባዶ በተውነው መስመር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጋሽ አድማሱ ስም ተጽፏል። ከሥሩ ያንተ ፊርማ አለ። ለአንድ አፍታ፣ ይቅር በለኝ፣ በገዛ እጅህ ያስወጣኸን መሰለኝ። ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም፤ ያየችው የተፈረመ ወረቀት ነው። ማስረጃ ካለሽ እስከሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ አምጪ አለችኝ።

በማግስቱ ጋሽ አድማሱ ሽማግሌ ላኩብን። አንዱ እየሳቁ «አንቺ ነገ ታገቢያለሽ፤ ለባልሽ ቀፎ ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው?» አሉኝ። ሌላው አልሳቁም። «ፊርማው ያባትሽ ነው። ካባትሽ ቃል ጋር ነው የምትሟገቺው?» አሉ። እማዬ ከጎኔ ሆና ቀሚሴን ትጎትታለች። እሷም ፈርታለች።

ትናንት እቤት ያለውን የመላጊያህን ሳጥን ስከፍት ሁለተኛው ቅጂ ከሥር ተጣጥፎ አገኘሁት። አራተኛው ገጽ እንደተውነው ባዶ ነው፤ ፊርማህ ከሥሩ አለ። አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም። እስክሪብቶ አነሳሁ። ስሜን ብጽፍበት ማን ያውቃል? ልጅህ ነኝ፤ ከሳቸው ይልቅ የኔን ያምናሉ። የመጀመሪያውን ፊደል ልጥል ስል ግን እጄን አየሁት። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ያነሳውን እጅ መሰለኝ። እስክሪብቶውን ወረወርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁትም ጋሽ አድማሱን አልነበረም።

ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው። ባዶውን ገጽ እንደ ባዶነቱ አቀርባለሁ። የሳቸው ስም ከፊርማህ በኋላ እንደገባ ያሳያል። ግን «እንግዲያው ማንንም አልወከለም» ብለው ሼዱን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ። ቢሆንም ያላልከውን ብሏል ብዬ አልመሰክርብህም።

አብሬ የማስገባው በራሴ ስም የጻፍኩት አዲስ ዕቅድ አለ። የነገርከኝ ወራት ሁሉ አሉበት። ማዶ ያለውንም ሰውዬ ጎረቤት ብዬዋለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ያን መስመር ሞላሁት፦ እኔ ብሞት ሥራውን የምትመራው እናቴ ናት። ስንት ዓመት ከደንበኛ ትዕዛዝ ስትቀበልልህ የኖረችው እሷ አይደለችም? እማዬ ስታነበው አማተበች። «ምነው በወጣትነትሽ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ፈረመች።

ጣውላ በአውራ ጣትህ ዳሰስ አድርገህ «ይሄ ገና ነው» የምትለውን፣ ሚስማሩን በከንፈርህ ይዘህ የምታወራኝን፣ እስካለሁ አልረሳም። ከእንግዲህ የማልቀበለውን ግን እወቅልኝ። ለቅሶ ነው ብዬ ቁልፋችን ሲነሳ ቆሜ አላይም። በማላውቀው ባል እየሳቁ ከሥራዬ እንዲያስነሱኝ አልፈቅድም። አንተንም ቢሆን፣ አባዬ፣ «ዝለዪው» ብትለኝ ከእንግዲህ እሺ አልልህም።

ልጅህ