የሸርጣኖቹ ገድ

ለውድ እህቴ ለዩዴልካ፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ባለፈው ጉልበቴን ያመኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? የምታስታምሚያቸው አሮጊት አሁንም ሾርባው ቀዘቀዘ እያሉ ይቆጡሻል? ባለቤትሽ ፋውስቲኖ ሥራ አገኘ? ልጆቹስ የዛራጎዛን ብርድ ለመዱት ወይስ እንደ አንቺ ሲንቀጠቀጡ ይከርማሉ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ስለ አካሌ ነው፤ የቀረውን አንብበሽ ፍረጂ። አባባም ደኅና ናቸው። የተቆረጠው እግራቸው ቁስሉ ጠግጓል፤ በምርኩዝ ከአልጋቸው እስከ ሱቁ ይመላለሳሉ፤ ድምፃቸው እንደሆነ የዱሮው ነው፣ ሱቅ ውስጥ ሲያስሉ ቤተ ክርስቲያን ያለው ይሰማቸዋል።

ወሬው ደርሶሽ ይሆናል። ቡድናችን ሸርጣኖቹ የቤዝቦሉን ዋንጫ በሉ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሦስት ለባዶ ከተመሩ በኋላ፣ በሉ። ከተማው ከትናንት ጀምሮ አልተኛም፤ የቀረ ድስት የለም፣ ሁሉም በማንኪያ ተደብድቦ ተጣሟል። እንዴት እንዳሸነፍን ግን ያልሰማሽው አለ። እዚህም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን የምጽፍልሽ ጓሮ ባለው መጋዘናችን ውስጥ ሩዝ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። አትደንግጪ፣ አሁን በሩ ክፍት ነው።

ዋንጫው ከሰባት ጨዋታ አራቱን ቀድሞ ላሸነፈ መሆኑን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የዋና ከተማው ቡድን ወሰደብን፤ አሸነፈን ብቻ ሳይሆን አዋረደን። ኮንፌሶር፣ ያ በሱቃችን ጥግ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው አፈኛ፣ «ሸርጣን መቼ ወደ ፊት ሄዶ ያውቃል? ስሙን ያወጣልን ሰውዬ ነው የገደለን» እያለ ሲራገም ሰነበተ። አባባ ምግብ አልቀምስም አሉ። አራተኛው ጨዋታ በአልታግራሲያ እመቤታችን በዓል ዕለት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ሱቃችን ፊት ተሰበሰበ። እንደ ወትሮው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘግቶ ወሬው ከአባባ ሬዲዮ ይሰማል። ከዘጠኙ ዙር ገና በሦስተኛው አምስት ለባዶ ተመራን።

አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ «ኔሬይዳ፣ ለእነዚህ ለቀስተኞች ቢራ አምጪላቸው፤ ደረቅ ለቅሶ አይሆንም» አሉኝ። ጓሮውን አቋርጬ መጋዘን ገባሁ። ነፋሱ በሩን ከኋላዬ ሲያላጋው የውጭው መቀርቀሪያ ወድቆ ተቆለፈብኝ። ደበደብኩ፣ ተጣራሁ። ወዲያው ከወደ ሱቁ ጩኸት ተነሣ፤ ከዚያ ሌላ ጩኸት፣ ከዚያ ሌላ። የእኔን ድምፅ ማን ይስማው? ሲበቃቸው ኮንፌሶር መጣና መቀርቀሪያውን ያዘ። ሲይዘው ሰምቻለሁ። ከዚያ እጁን መለሰው። «ኔሬይዳ፣ መቼ ነው የገባሽው?» አለኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ክፈትና እነግርሃለሁ አልኩት። «ሰዎች! ሦስተኛው ዙር ላይ ነው የገባችው! ማንም ይህን በር እንዳይነካ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ አፉን ወደ በሩ አስጠግቶ በልመና ድምፅ፣ «እህት ዓለም፣ ስድስት ለአምስት እየመራን ነው። ትንሽ ታገሺልን። ቢራውን ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ አንድ በአንድ አቀብዪን» አለኝ። አቀበልኳቸው። አሸነፍን። ከዚያ ከፈቱልኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ስቄያለሁ። ሰው ሁሉ የየራሱ ነገር አለው። ኮንፌሶር ሸሚዙን ካላጠበ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ አጠገቡ መቀመጥ ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው። ጎረቤታችን ዶኛ ኤኔርሲዳ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት፤ ዞር ያሉ እንደሆነ መቺዎቻችን ይስታሉ። አባባ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጥርሳቸው ነክሰው ይቆያሉ። ልዩነቱ የእነሱ ከውጭ መቀርቀሪያ የለውም።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ባቫሮ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል የስፌት ክፍል ሥራ አግኝቻለሁ፤ መጋረጃና አንሶላ መስፋት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ዛሬ ሰኞ ጠዋት እንድገኝ ነግራኝ ነበር። የአክስታችን ልጅ ብሪሂዳ መጥታ ከአባባ ጋር ልትኖርና ሱቁን ልትይዝ ተስማምተናል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ባዶ ሆኖባታል። የቀረኝ ለአባባ መንገር ብቻ ነበር። ደስ የሚላቸውን ቀን ስጠብቅ ቡድኑ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ ማሸነፍ ሲጀምር ደግሞ ባሰብኝ። አንቺ ስትሄጂ አውቶቡስ ተራ ላይ አቅፈሽኝ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ተራው ያንቺ ነው» ብለሽኝ ነበር። አልወቅስሽም ዩዴልካ። ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ፤ እኔም አርባ አንድ ሞላኝ።

ረቡዕ ለአምስተኛው ጨዋታ ሊወስዱኝ መጡ፤ እንደ ሙሽራ። ዶኛ ኤኔርሲዳ ትራስ ይዘውልኝ፣ ኮንፌሶር የተጠበሰ ሙዝ በሳህን ይዞልኝ። እምቢ አልኩ። እዚያ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል፣ የደረቀው ዓሣ ይሸታል፣ እኔም ጨዋታውን ማየት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ያን ጊዜ አባባ በምርኩዛቸው እያነከሱ መጡና፣ «ልጄ፣ ሦስት ሰዓት ምንድን ነው? የትም አትሄጂ፣ እዚሁ ጓሮ ነሽ» አሉኝ። በሩን በገዛ እጃቸው ቀረቀሩት። ክፋት የለበትም፤ ፈገግ ብለው ነው ያሉት። እኔ ግን «የትም አትሄጂ» የሚለው ቃል ጨለማው ውስጥ አብሮኝ ተቀመጠ። አለቀስኩ። ውጭ ሲጨፍሩ እኔ ደረቅ ዓሣ መሃል አለቀስኩ።

ዓርብም እንደዚያው። ሦስት ለሦስት ሆነ። እምቢ ብዬ ብንሸነፍ ኖሮ በከተማችን በቦካ ሴካ ዕድሜ ልኬን ሸርጣኖቹን ዋንጫ ያሳጣችው ሴት እባላለሁ። ልጅ ብወልድ ለልጄም ይተርፍ ነበር። ግን በዚያ ዓርብ አንድ ነገር አየሁ። በጣሪያው ሥር በምትገባው ብርሃን በሩን ስመለከት ማጠፊያዎቹ ከውስጥ ናቸው። ላይ አንድ፣ ታች አንድ፣ በየመሃላቸው ጣት የምታህል ብረት ያለፈችባቸው። ብረቶቹ ተመዘው ከወጡ መቀርቀሪያው ምንም አያደርግም። አያታችን በሩን ሲሠሩ ሌባውን ከውጭ እንጂ ሴቲቱን ከውስጥ አላሰቡም መሰለኝ።

ትናንት እሑድ ሰባተኛው ጨዋታ በስምንት ሰዓት ተጀመረ። ወደ ባቫሮ የሚሄደው የዕለቱ አንድ አውቶቡስ በአሥር ሰዓት ነው የሚነሣው። ሻንጣዬን ቅዳሜ ከሩዙ ከረጢት ሥር ደብቄው ነበር። ለአባባ አጭር ወረቀት ጽፌ ደረቴ ውስጥ ይዣለሁ። ሰባተኛው ዙር ላይ ሦስት ለሦስት ሆኖ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ በአይብ መቁረጫው ቢላዋ ጫፍና በመዶሻው የታችኛዋን ብረት መታ መታ አደረግኋት። ወጣች። የላይኛዋም ወጣች። በሩን ወደ ውስጥ ስቤ እንደ ድመት ሾልኬ ወጣሁ። በጎረቤት ጓሮ አድርጌ ስሄድ አንድም ሰው መንገድ ላይ አልነበረም፤ ውሻ እንኳ የለም። ወረቀቱን በሩ ሥር ልተወው አስቤ ረሳሁት።

አውቶቡሱ ተራው ላይ ቆሟል፤ ከሌላ ከተማ በመጣ መንገደኛ ሞልቷል፤ ሞተሩ ግን ጠፍቷል። ሾፌሩ የባቫሮ ሰው ነው፣ አያውቀኝም። ሬዲዮውን ከፍቶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። መቼ ነው የምንነሣው አልኩት። «ጨዋታው ሳያልቅ ሞተር አይነሣም። ዓርብ ያሸነፍነው ሞተር ስላጠፋሁ ነው» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ልክ ነው አለ። ቁጭ አልኩ። የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም አንድ ላይ መጣ። ቆየት ብሎ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የዚህ አገር ሰው ነሽ አይደል? የሸርጣኖቹ ገድ መጋዘን ውስጥ የተቆለፈች ሴት ናት ይላሉ። እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። «እንግዲህ በደንብ ይጠብቋታ» አለኝ።

በመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ዙር ላይ አንድ ነጥብ አገባን። ከዚያ የእነሱ ተራ ሆነና ሁለት ሰው አስወጣን፤ የቀረው መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት፤ መሬት ሳትነካ ከተያዘች አበቃ፤ የሬዲዮው ሰውዬ ድምፁ ተቆረጠ፤ ከዚያ «ያዛት!» አለ። አራት ለሦስት። እኔ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ። አየሽ ዩዴልካ? የመጨረሻዋ ኳስ ስትያዝ እኔ መጋዘን ውስጥ አልነበርኩም።

ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ ሞተሩን አስነሣ። ያን ጊዜ በሩን ከፍተው ባዶ ሲያገኙት የአባባ ፊት ምን እንደሚሆን ታየኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁት ቀን ነው። አውርዱኝ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ፤ አፌ ነው ያለው። እየሮጥኩ ተመልሼ ገባሁ፤ በሩን በጉልበቴ ደግፌ የላይኛዋን ብረት መለስኳት፤ የታችኛዋ አልገባ ስትለኝ ኪሴ ከተትኳት። እግሮቻቸው ጓሮውን ሲያንቀጠቅጡት ከረጢቴ ላይ ተቀምጬ ደረስኩ።

ከፈቱ። ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። «ገዳችን! ገዳችን!» እያሉ ሦስት ጊዜ ሱቁን አዞሩኝ። ማንም በሩ መዝመሙን አላየም። ዶኛ ኤኔርሲዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ያለቅሳሉ። አባባ ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ፤ እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። «ለከርሞም እዚያው ነሽ ልጄ። ትራሱን አናወጣውም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ ዩዴልካ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ለስፌት ክፍሉ ኃላፊ ደወልኩላት። ተቆጣች፣ ከዚያ እስከ ዓርብ ጠዋት ብቻ እታገሥሻለሁ አለችኝ። ሐሙስ አውቶቡስ አለ። ለአባባ ረቡዕ እራት ላይ እነግራቸዋለሁ፤ በበር ሾልኬ አልሄድም። መጀመሪያ የሚደውሉት ለአንቺ ነው፤ የአንቺን ቃል ይሰማሉ። ምናልባት ከደብዳቤው በፊት ይደውሉ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እህቴ ጽፋልኛለች፣ ይድረሰኝና እነግርዎታለሁ በያቸው። ሲደርስሽ ደግሞ ያችን የመጨረሻ ኳስ የት ሆኜ እንደሰማኋት ንገሪያቸው። ቡድኑ ያለ እኔ አሸንፏል። እሳቸውም ያለ እኔ ይኖራሉ፤ እኔ ነኝ እስከ ትናንት ያላመንኩት።

ፋውስቲኖን ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን። አሮጊቷንም ከሩቅ የምትፈራዎት ሴት ሰላም ብላዎታለች በያቸው። አባባ ይስሙሻል። ዶኛ ኤኔርሲዳ በጸሎቴ አለሽ ይሉሻል። ኮንፌሶር ሸሚዙን አጥቦታል፤ ለምሥክርነት ነው የምጽፍልሽ። ብሪሂዳም ስለ መምጣቷ አስቀድማ ሰላም ብላሻለች።

አባባ ጠዋት በመጋዘኑ በኩል ሲያልፉ፣ «ኔሬይዳ፣ ይህ በር ምነው ዘመመ? የማጠፊያዋን ብረት ፈልጊና መልሻት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ብረቷ በዚህ ፖስታ ውስጥ ናት፤ ስትከፍቺ እንዳትወድቅብሽ። እኔ ጋ ከቆየች መልሼ እከታታለሁ።

እህትሽ ኔሬይዳ

ቦካ ሴካ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ
ሰኞ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2008