የቀየርኩት ቁልፍ

ሜሮን፣

እትዬ ውባለም በአጥሩ በኩል «ያ ወኪል እናንተ ሥራ ስትሄዱ በራችሁን ከፍቶ ይገባል» እያሉ ሲደጋግሙት የከረሙት ወሬ እውነት ነው። ጋሽ ኡበይደላ ይገቡ ነበር።

ከሰዓት አዲሱ ወኪል ቤቱን ለሌላ ተከራይ ሊያሳይ ይመጣል። ልብስሽን ከገመዱ ላይ ሰብስቢ። በሩን ክፈችለት፤ አትከራከሪው። ለክርክሩ እኔ በቅቻለሁ።

ቁልፉን ከስልክ ላይ ተምሬ በገዛ እጄ ስቀይር እንዴት እንደኮራሁ አይተሻል። ያላየሽው፣ ጋሽ ኡበይደላ በማግስቱ መጥተው ቁልፋቸው አልዞር ሲላቸው ያልኳቸውን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ «የሴት ልጅ ቤት መግባት ለመዱ እንዴ?» አልኳቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው። «አፉ በይኝ ልጄ» ብለው ቁልፉን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በዚያ መች በቃኝ፤ ጂዳ ደውዬ ለአከራያችን ለወይዘሮ ሁሪያ ነገርኩ። እሳቸውም የጋሽ ኡበይደላን ውክልና አነሱ። አዲሱ ደግሞ የራሱን ተከራይ ይዞ መጣ።

ጋሽ ኡበይደላ መርሳ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው አሉ፤ እዚያ ሄጃለሁ። መሄዴ ቤቱን እንደማይመልስልን አውቃለሁ። ራትሽን ብይ፣ አትጠብቂኝ።

ኢሕሳን

ትናንት ኩሽና ያለው በርሜል ባዶ ሆኖ ስትቆጪኝ የገረመኝ፣ ሁልጊዜ የምትሞይው አንቺ ትመስይኝ ስለነበር ነው። አንቺም እኔ መስዬሽ ኖሯል። ሰውየው ገብተው ምን ያደርጉ እንደነበር እትዬ ውባለምን የጠየቅኳቸው ዛሬ ጠዋት ነው። ውሃው ቀን ቀን እኛ በሌለንበት ሲመጣ፣ ከግቢው ቧንቧ በባልዲ እየቀዱ የሚሞሉልን ጋሽ ኡበይደላ ነበሩ።