ቆጵሮስ እስከ ሰባት ቤት

እሑድ

ሽሙኤል የቆጵሮስን ገዢዎች ሲዘረዝሩልኝ ዛሬም ቬኒስን ረሱ። ከቱርክ ዘለው ሮማ ላይ ወደቁ።

ሽሙኤልን መንከባከብ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ነው። በዕብራይስጥ «አንተ» እላቸዋለሁ፤ እዚህ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይላል። በልጅነታቸው ወደዚህ አገር ሲመጡ እንግሊዞች ከነእናታቸው ከመርከብ አውርደው ቆጵሮስ ደሴት ላይ፣ በሽቦ አጥር የታጠረ ካምፕ ውስጥ አስረዋቸው ነበር። ያንን አጥር አይረሱም። ሌላው ሁሉ እየሄደ ነው።

ሰኞ

ሐሙስ አንዲት ሴት መጥታ አእምሯቸውን ትፈትናለች። ፈተናውን ከወደቁ አረጋውያን ማቆያ መግባታቸው ነው። ልጃቸው ኖዓ በስልክ፣ «እኔ ሃይፋ ሆኜ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ከዚህ ቤት ወጥተው የሚከርሙ አይመስለኝም። ፈራሁ።

አእምሯቸውን ለማነቃቃት የማውቀው ዘዴ አንድ ነው። ጎንደር እያለን አባቴ ዘር የሚያስቆጥረን ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ እስከ ሰባት ቤት። የደሴቲቱንም ገዢዎች እንዲሁ አስቆጠርኳቸው። እንግሊዝ፣ ቱርክ፣ ቬኒስ፣ የፈረንሳይ ባላባቶች፣ ቢዛንታይን፣ ሮማ፣ ግብፅ። ልክ ሰባት ሞላ።

«ከግብፅ በላይስ?» አሉኝ።

ከሰባት በላይ አይቆጠርም አልኳቸው። ሳቁ። ከበዓል ወዲህ ሲስቁ አላየሁም።

ረቡዕ

ሦስት ጊዜ ቆጠሩ፣ አንድም አልሳቱም። ማታ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቂርያት መናሔም ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ለተሳፋሪዎቹ ጤነኛ አልመሰልኳቸውም ይሆናል።

ሐሙስ

ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ቀኑን ጠየቀች፤ መለሱ። ወሩንም መለሱ። ቀጥላ፣ «አገሩን አሁን የሚገዛው ማን ነው?» አለች።

እኔን አዩኝ። ከዚያ ኮራ ብለው «እንግሊዝ» አሉ። በዚያው ቀጠሉ፣ ቱርክ፣ ቬኒስ፣ እስከ ግብፅ። ሲጨርሱ ጎበዝ እስክላቸው እንደ ተማሪ ጠበቁኝ።

ሴትዮዋ ጻፈች። እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ እስክሪብቶውን አላቆመችም። እኩላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ዛሬ ማቆያው ገቡ። ኖዓ ልብሳቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ስትደረድር እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ግቢው አጥር አለው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄኛው የየትኛው መንግሥት ነው?» አሉኝ።

«የራሳችን ነው» አልኳቸው።

«ገዢዎች ሲገቡ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አሉ።

ብርድ ልብሳቸውን ረስተነዋል፤ ነገ ጠዋት አደርስላቸዋለሁ።