በፈጠራ መረጃ ክፍል ያገለገሉት የጋሽ አለወይ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ አለወይ ከባለ ወፍጮ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በዱቄት ብናኝ ሳቢያ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስሉ ኖረው አርፈዋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ያደጉት ያንን ሳል እየሰሙ ነው። ጋሽ አለወይ እስከ ኮሌጅ የተማሩት ታላቅ ወንድማቸው ትምህርት አቋርጠው ብየዳ ቤት ስለገቡላቸው ነበር። ይህን ውለታ አንስተው አይጠግቡም።

በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመርቀው በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ፤ ቆየት ብሎም የፈጠራ ባለቤትነትና የንግድ ምልክት መረጃ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ክፍል ይባል እንጂ ከደረጃው ሥር ያለች፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት ጠባብ ጎጆ ነበረች። ሰው ሁሉ የሠራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ እየገባ "እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ?" ይላቸዋል፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አለ። ጋሽ አለወይ ወንበር ስበው፣ ውሃ ቀድተው፣ ከዚያ ነበር የሚነግሩት። ከመጽሐፍ ጠራዧ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ያፈሩት በዚያው ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ነው። ባለቤታቸው ማታ ማታ "ዛሬስ ማንን አረዳህ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ታላቅ ወንድማቸው የወፍጮ ብናኝ የሚያስቀር መሣሪያ ለመሥራት ለዓመታት ሲደክሙ ቆይተው አንድ ቀን ንድፉን ይዘው መጡ። ጋሽ አለወይ ቢፈልጉ ቢፈልጉ ተመሳሳይ አጡ። ነገር ግን ከወንድማቸው በፊት አንዲት መምህርት ያንኑ የመሰለ ሥራ ይዘው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መምህርቷም ለባለቤትነት መብቱ ገና አላመለከቱም ነበር። ተገልጋይ ያሳየው ነገር ከክፍሉ አይወጣም፤ ደንቡም የጋሽ አለወይም ቃል ይኸው ነው። ስለዚህ "ወንድም ጋሼ፣ ነገ ዛሬ አትበል፣ አሁኑኑ አመልክት" ብለው ለመኗቸው። ወንድማቸው ግን ብየዳው ገና አላማራቸውም፤ "ያላለቀ ሥራ አላስገባም፣ አትነዝንዘኝ" አሉ። ጋሽ አለወይ ቤታቸው ድረስ እየተመላለሱ ጨቀጨቋቸው። ለምን እንደሚያስቸኩሏቸው ሲጠየቁ ግን ዝም ይሉ ነበር።

መምህርቷ ቀደሙ። መብቱን ባገኙ ጊዜም በጋዜጣ ላይ "የቤተ መጻሕፍቱ ጋሽ አለወይ ባይኖሩ እዚህ አልደርስም ነበር" ብለው አመሰገኑ። ምስኪን፣ በቅንነት ነው። ታላቅየው ይህን ያነበቡት ብየዳ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የአንድ እናት ልጆች መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ተሻግሮ የሚያልፍ ሆነ። ዘመድ አዝማድ መሃል ቢገባም የሚሰማ አልተገኘም። ጋሽ አለወይ ይቅርታ ጠይቀዋል። ዳግመኛ ቢያጋጥምዎ ይናገሩ ነበር ወይ ሲባሉ ግን አልናገርም አሉ፤ ይህን ሲሉም ያለቅሱ ነበር።

ሰው ሁሉ በስልኩ ይፈልጋል ተብሎ ክፍሉ ሲዘጋ ጡረታ ወጡ። ክፍሏ ዛሬ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ናት።

በጉበት ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። ማንን እንደሚጠብቁ ለማንም ግልጽ ነበር። ወንድማቸው ተልኮባቸው ነበር፤ አልመጡም። ጋሽ አለወይ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ።

ታላቅ ወንድማቸው በዚህ ጽሑፍ ከቤተሰቡ ጋር እንዳይጠሩ ትናንት የገዛ ሴት ልጃቸውን አዝዘዋል። ጋሽ አለወይ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ወንድሜ ይጠራ ብለው ለዚያችው ልጅ አደራ ሰጥተዋል። ይህን የጻፈችው እሷ ናት። ስለዚህ ጋሽ አለወይ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እንደ ትእዛዛቸው ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው በዚህ ዝርዝር የሉም። ፈጣሪ የጋሽ አለወይን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ለአባቴም እንባ አይንሳቸው።