ከጓሮ የተዛቀው አፈር

ውድ ልጄ ፍቅርአዲስ፣

ይህ ደብዳቤ ከአንድ ከረጢት አፈር ጋር ይደርስሻል። ከረጢቱን ከመፍታትሽ በፊት ግን አንብቢው። ሐሙስ መምህራንሽ ፊት ቆመሽ የመመረቂያ ጽሑፍሽን እንደምታቀርቢ ከሰማሁ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ፣ ስለ ጤናሽ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት።

በጥር «ለጽሑፌ የምመረምረው አፈር ከዳገቱ ቀይ ማሳ፣ ከአሥራ አምስት ቦታ፣ ስንዝር ስንዝር ቆፍረው፣ ቀላቅለው ይላኩልኝ» ብለሽኝ ነበር። ዶማዬን ይዤ ወጥቻለሁ። ግን እዚያ ማሳ ላይ ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ መቅረት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ለእንግዳ እንኳ የተሻለውን ነው የምናቀርበው፤ እንዲህ ያለውን አፈር ለልጄ መምህራን እንዴት ልላክ? ተመልሼ ከጓሮ፣ ጎመኑ ሥር፣ ፍግና አመድ የጠገበውን ዝቄ ላክሁልሽ።

«አባባ፣ ይኼ የዳገቱ ነው እንዴ? ምነው ጠቆረ?» አልሽኝ፣ ሲደርስሽ ደውለሽ።

«ረጥቦ ነው» አልሁሽ። አመንሽኝ። ማመንሽ ነው የሚያንገበግበኝ።

አለማወቄም አይደለም። አምና ዳገቱ ላይ ቆመሽ ነግረሽኛል። ዝናቡ ዘመን ከዘመን እያጠበ ብረቱን ብቻ ያስቀርና ብረቱ እንደ አሮጌ ማረሻ ይዝጋል፤ ለዚህ ነው የሚቀላው። የታጠበው ወርዶ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ይከማቻል፤ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁሩ ዋልካችን ከዚያ ነው። የጓሮው ደግሞ የጠቆረው ፍግና ቅጠል በስብሶበት ነው። ይህን ሁሉ ሰምቼ ነው ያሳሳትሁሽ።

እፍረት ብቻም አልነበረም። አፈሩ እንደከዳን ብታውቂ ትምህርቱን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ።

ጎረቤታችን የብርጓል የምርመራውን ውጤት ሰምታ «ፍቅርአዲስ መርምራ ደህና ነው ብላለች» ብላ ለኮመጠጠ አፈር የሚሰጠውን ኖራ ከሚወስዱት ዝርዝር ስሟን አስወጥታ ነበር። የእሷም ማሳ ያው ቀዩ ነው። ትናንት ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት። ትቆጣኛለች ስል፣

«ጋሼ አምሳሉ፣ እኔስ ተመልሼ እመዘገባለሁ። ልጂቱንስ እርስዎ ምን ሊያደርጓት ነው?» አለችኝ።

በቀጥታ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። አሥራ አምስቱንም ቦታ ቆፈርሁ፤ እናትሽ እየቆጠረች። ይህን የዳገቱን አፈር የሚያመጣልሽን ሾፌር እንዳላማውን «በእጇ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ» ብዬዋለሁ። ምርመራው እስከ ሐሙስ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ካልደረሰ ቀኑን ለምነሽ አስለውጪ፤ በውሸት አፈር ከምትመረቂ ብትዘገዪ ይሻለኛል።

ማን አሳሳተሽ ካሉሽ፣ «አንድ ገበሬ» ብለሽ አትሸፍኚኝ። አባቴ ነው በያቸው።

ስልኬን ከኪሴ አላወጣም። ልትቆጪኝም ቢሆን ደውዪ።

አባትሽ አምሳሉ
ከደብረ ኤልያስ